አያ ኑሩና የጂፑ የኋላ መብራት

አያ ኑሩ ያን ቀን ደብተሬ ላይ ምን አየ?

ይህን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልችልም። ሊመልሰው የሚችለው ራሱ ብቻ ነበር። ማክሰኝት ጤና ጣቢያ፣ ለበሽተኞች ካርድ ከምጽፍበት መስኮት ፊት፣ ከጎንደር እህል ሊሸምት የመጣ አንድ ነጋዴ ጣቱን አቁስሎ ቆሞ ነበር። ስሙን እየጻፍኩ ሳለሁ ከኋላው ለቆመው ሰው፣ “ትናንት አዲስ ዓለም ቀብር ነበርን፤ መብራት ሠሪው ኑሩ አረፈ” አለው። የትኛው ኑሩ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ “የዋሴን እግር ያስቆረጠው ነዋ!” ብሎ ሳቀ። የነጋዴውን የአባት ስም ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። በዚያ መስኮት በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ካርድ አበላሽቼ የቀደድኩት ያኔ ብቻ ነው።

አያ ኑሩ የጎንደር፣ የአዲስ ዓለም ሰፈር ሰው ነበር። አባቱም አያቱም ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እሱ ግን በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ወለል ሊጠርግ ገብቶ ኤሌክትሪክ ተምሮ ወጣ። “ጣሊያኑ ሲሸሽ ሁሉን ጭኖ ሄደ፤ ፒንሳዋ ግን ኪሴ ውስጥ ነበረች” እያለ ያቺን ከእጁ የማትለይ መቆንጠጫ ያሳይ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ መሬቱን የሚለካ የሚመስል ሰው ነው። የደከመ ባትሪ ሲያመጡለት ሁለቱን ሽቦ በምላሱ ጫፍ ይቀምስና፣ “ይህ እስከ ሐሙስ ነው” ይላል። ሐሙስ ባትሪው ይሞታል። ከሁሉ የማልረሳው ግን ሥራ ሲጨርስ የሚያደርገውን ነው። ዕቃውን ሰብስቦ አይሄድም። ድንጋይ ላይ ይቀመጥና የሠራውን ዝም ብሎ ያየዋል። “ምነው አያ ኑሩ፣ አላለቀም እንዴ?” ሲሉት፣ “እኔ ጨርሻለሁ፤ እሱ መጨረሱን እያየሁ ነው” ይላል።

እኔ ያኔ የፈንጣጣ ክትባት ቡድን ጸሐፊ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከባሌ ከተፋታሁ በኋላ፣ በሃያ አንድ ዓመቴ፣ እግራቸው መሬት ከማይደርስ ሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ያቺን ሥራ በጥርሴ ነበር የያዝኳት። የሄድንበትን፣ የደረስንበትን፣ የቆምንበትን ሰዓት በደቂቃ እጽፋለሁ። አያ ኑሩ ስሜን ትቶ “መዝገብ” ይለኝ ነበር። “መዝገብ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ አስነጠስኩ? ጽፈሽዋል?” እያለ ያስቀኛል።

የመብራቱ ነገር የመጣው በሊማሊሞ ምክንያት ነው። ከደባርቅ አልፎ መንገዱ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ይወርዳል፤ በአንድ ወገን የድንጋይ ግድግዳ፣ በሌላው ወገን አየር ነው። የሾፌሮቹ ደንብ የታወቀ ነበር። ጭኖ ሽቅብ የሚወጣ መኪና አይቆምም፤ ከቆመ መነሳቱ ያጠራጥራልና። ግድግዳውን ይይዛል። የሚወርደው ሰፋ ያለ ቦታ እስኪያገኝ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ካላገኘም ወደ ገደሉ ጠርዝ ተጠግቶ ያሳልፈዋል። በዚያ ክረምት ዛሪማ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር በየሳምንቱ እንወርዳለን። አንድ ቀን ጉሙ መሐል የጭነት መኪና መጣብንና ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆነ። ክትባቱን የሚሰጠው ድሬሰራችን ወርዶ ነጠላውን እያውለበለበ መራን፤ እኛ ግን ነጠላውንም እሱንም አላየንም። የኋላ ጎማችን የጠርዙን ድንጋይ ገፋው። ድንጋዩ ሲወድቅ ሰማሁ፤ መሬት ሲመታ ግን አልሰማሁም።

ስንመለስ ኃላፊያችን አያ ኑሩን አስጠራው። ጂፑ ከኋላ ሁለት ፓውዛ መብራት እንዲገጠምለት ታዘዘ።

ሁለት ቀን የቢሮው ግቢ ውስጥ ሠራ። የብረት ማቀፊያ አስቀጥቅጦ ከኋላ በብሎን አሰረው። ሽቦውን በወለሉ ሥር ሲያሳልፍ ድንጋይ እንዳይቆርጠው አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ አለበሰው። መገጣጠሚያውን ሰም በጠጣ ጨርቅ ጠመጠመው። ከዚያ ጂፑን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ አቆመና በከሰል ምልክት አድርጎ ብርሃኑን ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ አደረገው፤ መሬቱን እንጂ ሰማዩን እንዳያበራ።

ሾፌራችን አለነ ዝም ማለት አይችልም። “አያ ኑሩ፣ ከኋላ መብራት ምን ያደርግልኛል? ጂፑን በመቀመጫው ልታስኬደው ነው?”

“ለአንተ መች ሆነና! ለገደሉ ነው። ማን እየመጣበት እንደሆነ ይይ ብዬ።”

“ከዚህ ወዲያማ ገደል ስገባ በመብራት ነዋ!”

“መግባትህን ትተህ ወደ ኋላ ስትሄድ አፍህን ዝጋልኝ” አለው አያ ኑሩ፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። “ስማ አለነ። ነጭ መብራት የማኪና ፊት ነው። ከኋላችሁ የሚመጣ ሾፌር ጉም ውስጥ ሁለት ነጭ መብራት ካየ፣ ማኪና መጣብኝ ነው የሚለው። ወደ ፊት እየሄዳችሁ ይህ ከበራ፣ ውሸት እየተናገራችሁ ነው።”

ማብሪያውን ከማርሹ ጋር ሊያያይዘው ፈልጎ ነበር፤ የኋላ ማርሽ ሲገባ እንዲበራ፣ ሲወጣ ራሱ እንዲጠፋ። ለዚያ የሚሆነው ዕቃ ከአሥመራ መምጣት ነበረበት። ኃላፊው ሰው እየሞተ ዕቃ አልጠብቅም አለ። እውነቱን ነው። አያ ኑሩ ሲያቅማማ ቆይቶ በእጅ የሚበራ ማብሪያ አደረገ፤ ግን በሾፌሩ በኩል አልነበረም፤ ከእኔ ጉልበት ፊት ነበር የገጠመው።

“ምነው እሷ?” አለ አለነ።

“የአንተ እጅ መሪና ማርሽ ላይ ነው። ሐሳብህ ደግሞ ደባርቅ ያለችው ጠጅ ቤት ነው። መዝገብ አትረሳም።”

ወደ እኔ ዞረ። “መብራቱ በጀርባሽ ነው፤ አይታይሽም። ስለዚህ በአፍሽ ተናገሪው። ስታበሪ ‘በርቷል’ በይ። ስታጠፊ ‘ጠፍቷል’ በይ። አለነ ‘ጠፍቷል’ን ሳይሰማ ወደ ፊት አይሂድ።”

ግቢው ውስጥ አለማመደን። ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። እሱ ከኋላ ቆሞ ብርሃኑ ደረቱን ሲመታው እጁን ያነሳል። ድምፄ ቀጭን ስለሆነ፣ “አልሰማሁሽም! ገደሉም አልሰማሽም!” እያለ ይጮኽብኛል። ሲመሽ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ጂፑን ያየው ጀመር። ዘበኛው በሩን ሊዘጋ እስኪመጣ አልተነሳም።

መብራቱ አምስት ጊዜ ሊማሊሞን ወረደ፤ አምስቱንም ሸጋ ሆኖ አገለገለን። ስድስተኛው ጉዞ እንደ ሁልጊዜው ነበር የጀመረው። ከደባርቅ ስንነሳ ካፊያ ነበር፤ ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጉሙ ከታች እየተነሳ መንገዱን ዋጠው። አጋማሽ ላይ አንድ ጭነት መኪና እያቃሰተ መጣ። አለነ የኋላ ማርሽ አስገባ። “በርቷል” አልኩ። ከኋላችን ጉሙ ነጭ ሆኖ ተቀጣጠለ፤ ግድግዳውም ጠርዙም ወለል ብሎ ታየ። ሰፊው ቦታ ደረስን፤ መኪናው አለፈን፤ ሾፌሩም እጁን አወጣልን።

እኔ ደብተሬን ከፈትኩ።

ለማስረዳት የሚከብደኝ ይህ ነው። ግዴለሽ ስለሆንኩ አልነበረም። የቆምንበት ደቂቃ እንዳያመልጠኝ ነበር። አለነም ቃሌን ሳይጠብቅ ተነሳ፤ አምስት ጊዜ ተሳክቶልን ነበርና መጠበቁን ትቶት ነበር። ጥቂት እንደወረድን መንገዱ ላይ ድንጋይ ተንዶ አገኘን። አለነና ድሬሰሩ ሊያንከባልሉት ወርደው ጉሙ ውስጥ ጠፉ። እኔ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ።

ከኋላችን ከላይ በኩል ክላክስ ሁለት ጊዜ ተነፋ። ቀና አልኩ። አንድ ጭነት መኪና እየወረደ ነው። ድንጋዩን የሚያንከባልሉት ሰዎች እንደሚሰሙ አስቤ ወደ ጽሑፌ ተመለስኩ። ሞተሩ ቀረበ፤ ዝግ አለ፤ ቆመ። አሁንም ሁለቴ ነፋ። ቀጥሎ ሞተሩ እንደገና ሲያጓራ ሰማሁ፤ ድምፁ ግን ወደ እኛ አልመጣም። ወደ ጎን ነው የሄደው፤ ወደ ገደሉ በኩል። ዞር ስል በኋላው መስኮት ጉሙ ነጭ ነው። እንደ ወተት ነጭ። ያኔ ገባኝ። ከላይ የሚመጣው ሰው ጭኖ የሚወጣ መኪና ፊት ለፊት የመጣበት መስሎታል። ደንቡን አክብሮ ግድግዳውን እየለቀቀልን ነው።

የዝናብ ውኃ የጠጣው ጠርዝ ሲከዳ የተሰማው ድምፅ እንደ ጨርቅ ቀደዳ ነበር። ከዚያ ሰው ጮኸ። እጄ ማብሪያውን ወደ ታች ገፋው። ጉሙ ግራጫ ሆነ።

አለነ እየሮጠ ሲመለስ መብራቱ ጠፍቶ ነው ያገኘው።

ሾፌሩ ዋሴ ይባላል፤ ጤፍ ጭኖ ወደ አሥመራ የሚሄድ ሰው ነበር። መኪናው ሲወርድ ዘሎ ወጥቷል፤ ቀኝ እግሩን ግን በሩ ጨፍልቆት ነበር። ድሬሰሩ አሰረለትና በእኛው ጂፕ ጭነን ወደ ጎንደር ወጣን። መንገዱን በሙሉ፣ “መብራት ነበር፤ ሁለት ነጭ መብራት! ክላክስ ነፋሁ፣ ምነው አልመለሱልኝም?” ይል ነበር። ጭንቅላቱ እኔ ጭን ላይ ነበር። እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡለት።

በአራተኛው ቀን የፖሊስ መቶ አለቃ ለምርመራ ግቢያችን መጣ። አያ ኑሩም መብራቱን እንዲመረምር ተጠራ። በመስኮት ሆኜ አየሁት። ማብሪያውን ያበራል፤ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል፤ ያጠፋል፤ ዞሮ ያያል። አሥር ጊዜ ያህል ደጋገመው። አሥሩንም ጊዜ መብራቱ እንደታዘዘው በራ፤ እንደታዘዘው ጠፋ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

“መዝገብ፣ ደብተርሽን እስቲ።”

ሰጠሁት። አያ ኑሩ ቁርዓን ይቀራል፤ ፊደላችንን ግን ሲያነብ አይቼው አላውቅም። ገጹን እያገላበጠ የመጨረሻው ጽሑፍ ላይ ደረሰ። እንዲህ ይላል፦ “ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ወደ ኋላ ተመልሰን ለሚወጣ መኪና መንገድ ለቀቅን። ቀጥሎ የተናደ ድንጋይ ስላገኘን” — እዚያ ላይ ብዕሩ ተንሸራትቶ ቀለሙ እስከ ገጹ ጠርዝ ተጋድሟል። ሥራ ሲጨርስ እንደሚያየው አየው። ረጅም ጊዜ።

“ምነው አያ ኑሩ?” አልኩት፤ ድምፄ አይሰማም።

“ሰዓቱን ላይ ብዬ ነው” አለና ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ። ሰዓት እንዴት ሊያይ ይችላል? ፒንሳዋን ከኪሱ አውጥቶ በጀርባው ተንሸራቶ ጂፑ ሥር ገባ።

መቶ አለቃው ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀመጠ። አለነን ጠየቀው። “መብራቱን የምታበራው ጸሐፊዋ ናት፤ እኔ ስመለስ ግን ጠፍቶ ነበር” አለ አለነ፤ ልክ ነው። መቶ አለቃው ወደ እኔ ዞረ።

“ወይዘሮ የሺ፣ ዋሴ ክላክስ ሲነፋ መብራቱ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ?”

አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ በዓይኔ የመጣው የዋሴ እግር አይደለም። ያ አግዳሚና እነዚያ ሕፃናት ናቸው። ከዚህ ከወጣሁ ማንም ሌላ ወንበር አይሰጠኝም አልኩ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

“እሷን ምን ይጠይቋታል፣ ጌታዬ?” አለ ከኋላ አያ ኑሩ። ልብሱ አቧራ ለብሷል። በእጁ ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ይዟል። “ከባትሪው የሚመጣውና ወደ መብራቱ የሚሄደው ሽቦ ተላልጠው ተነካክተዋል። እንዲህ ሲሆን ማብሪያው ቢጠፋም መብራቱ ይበራል፤ ሲያሰኘውም ይጠፋል። ያሳለፍኩበት መንገድ መጥፎ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

አላየኝም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ አንድ ጊዜ እንኳ አላየኝም።

ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ! የሊማሊሞ ድንጋይ ካላማዳሪ ይቀድዳል፤ ሽቦም ይላጣል። የሰው እግር መቆረጡ የራሱን ሥራ አስጠርጥሮት፣ ሲፈልግ የተላጠ ሽቦ አግኝቶ በእውነት ጥፋቱ የራሱ መስሎት ይሆናል። ወይም ፒንሳዋ ናት የላጠችው። እኔ የማውቀው፣ እጄ ማብሪያውን ሲገፋ ጉሙ ግራጫ መሆኑን ብቻ ነው።

አራት ወር ታሰረ። ሲወጣም መኪና እንዳይነካ ተከለከለ። ሾፌሮቹ በበሩ ሲያልፉ ሁለት ሁለት ጊዜ ክላክስ መንፋት ልማድ አደረጉት፤ አንዳንዶቹ ለቀልድ፣ ዋሴን የሚያውቁት ለበቀል። እሱ ያን ድምፅ እየሰማ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ራዲዮና የጋዝ ምድጃ ይጠግን ነበር። አንድ ጊዜ የቢሮውን ራዲዮ ሰበብ አድርጌ ሄድኩ። በልቤ ዓረፍተ ነገሩን አርሜ፣ ሰርዤ፣ አስተካክዬ ነበር የሄድኩት።

“አያ ኑሩ፣ ስለዚያ መብራት...”

“የቱ መብራት? እኔ አሁን ራዲዮ ነው የምሠራው፣ መዝገብ። ራዲዮ ሰው ገደል አይከትም፤ ቢበዛ ጆሮ ያሳምማል” ብሎ ሳቀ። በዚህ መሐል አንድ መኪና ሁለቴ ነፍቶ አለፈ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ዓይኑ ግን ብሎን መፍቻውን ካቻቢቴ ፈለገ፤ እፊቱ የተቀመጠውን። አንስቼ ሰጠሁት። የመጣሁበትን ሳልናገር ወጣሁ። በወሩ ወደ ማክሰኝት ዝውውር ጠየቅሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ መስኮት ፊት ተቀመጥኩ።

መርዶውን በሰማሁ ማግስት፣ በመጀመሪያው ጭነት መኪና ተሳፍሬ አዲስ ዓለም ገባሁ። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ናቸው። ሚስቱን እትዬ ዘሃራን ከዚያ በፊት ያየኋት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰው ሲቀንስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ነገርኳት፤ ደብተሩን፣ ክላክሱን፣ ማብሪያውን፣ መቶ አለቃው ፊት ዝም ማለቴን። አልቸኮልኩም፤ ምንም አላስቀረሁም። ስጨርስ ትጮኻለች ወይም ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

እሷ ግን ነጠላዋን አስተካከለች።

“ያውቅ ነበር?” አልኳት።

“ለእኔ ስለዚያ ማኪና ተናግሮ አያውቅም” አለች። “አንቺ ግን ምነው ለእኔ ትነግሪኛለሽ? እኔ መች ጠርጥሬው አውቃለሁ? ኑሩ የሠራው ነገር እንዴት እንደሚሠራ እኔ አላውቅም? ተነሺ።”

ክንዴን ያዘችኝ። የለቅሶ ቤት ሴት እንዲያ ጉልበት ይኖራታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እስከ በሩ አመጣችኝና ወደ ድንኳኑ አመለከተች። ሾፌሮች ነበሩ፤ ጋራዥ ያላቸው ነበሩ፤ በበሩ ሲያልፉ የሚነፉት ነበሩ። በመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ዋሴ ተቀምጧል። በእነዚህ ዓመታት ሸብቷል።

“ለእነሱ ንገሪያቸው” አለችኝ።

ሴት ወደ ወንዶቹ ድንኳን ስትመጣ ወሬው ቆመ። ስሜን ተናገርኩ። የየትኛው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ እንደነበርኩ ተናገርኩ። “የሊማሊሞ ዕለት መብራቱን ሳላጠፋ የረሳሁት እኔ ነኝ” አልኩ። “የአያ ኑሩ ሥራ ምንም እንከን አልነበረበትም።”

ፊት ያሉት ተያዩ። ከመጨረሻው አግዳሚ ዋሴ አንገቱን አስግጎ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

“ምን አለች? እዚህ አይሰማም” አለ።

በሰዎቹ መሐል አልፌ ፊቱ ቆምኩና እንደገና፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።